በፊንጫ ሐይቅ ዳር ስለ ታደሰች አሮጌ ጀልባ

ወለጋ የተራራና የደን፣ የቡናና የወርቅ አገር መሆኑ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው፤ የጀልባ አገር ነው ሲባል ግን ሰምቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ነገሩን ጠልቆ ለመረመረው ሰው ግን አገሩ ከውሃ መንገድ የራቀ ሆኖ አያውቅም። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተጻፈው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ሥፍራ ከቆመ በኋላ፣ የሰዮና የጐሬ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ እየወረደ፣ ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። ያ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ የሚያወሱት ሽማግሌዎችና መጻሕፍት ናቸው።

አሁን በወለጋ ጀልባ ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ሆሮ ጉዱሩ ይሂድ። በዚያ ጮመን የሚባል ሰፊ ረግረግ ነበረ። በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በፊንጫ ወንዝ ላይ ግድብ በተሠራ ጊዜ፣ ረግረጉና በዙሪያው የነበረው የግጦሽ መሬት በውሃ ተሸፍኖ ሐይቅ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላም የአመርቲ ወንዝ ተጠልፎ ተጨመረበት። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በገደሉ ቍልቍል እየወረደ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል፤ ከዚያም አልፎ በታችኛው ሸለቆ የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። ይህ ሁሉ ለአገር ጥቅም ነው። ለባላገሩ ግን ከብቱን ያሰማራበት የነበረው ሜዳ ውሃ ሆነበት፤ ቀድሞ በእግሩ ወደ ዘመዱ ይሄድ የነበረው ሰው ወይ ዙሪያውን መሄድ ወይ በጀልባ መሻገር ግድ ሆነበት። ስለዚህ በዚያ አገር አንዲት ጀልባ ተበላሸች ቢባል የባለቤቷ እንጀራ ከመጕደሉም በላይ የብዙ ሰው መንገድ ይቈረጣል።

የምጽፈው ስለ አንዲት እንዲህ ያለች አሮጌ ጀልባ መታደስ ነው። ያደሳት የአክስቴ ልጅ፣ በነቀምቴ ከተማ የሚኖር አናጢ ነው። እኔም በጥር ወር የዓመት ዕረፍቴን ተቀብዬ አብሬው ሄድሁ፤ ሥራው ሊፈጸም ሲል ደግሞ በመጋቢት ተመልሼ አየሁ።

አናጢ ለጀልባ መጠራቱ ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ነቀምቴ በ2000 ሜትር ያህል ከፍታ በኮረብቶች ላይ የተቀመጠች፣ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናም የሚወርድባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ አገር በእንጨት ሥራ የሚተዳደር ሰው የእንጨትን ጠላት ሳያውቅ ሊኖር አይችልም። ወደ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ግቢ የገባ ጎብኚ የቀድሞ ሰዎች በእንጨት ምን ያህል ለመሥራት ይችሉ እንደ ነበረ ያያል፤ የአክስቴ ልጅም ገና በልጅነቱ እጅ ሥራ ሲማር ወደዚያ እየሄደ ምሰሶውንና የወለሉን አጋጠም መመልከት ይወድ ነበር። ከዚያም ወዲህ ሥራው ብዙውን ጊዜ የሰው ቤት ምሰሶ መቀየር ነው። ምሰሶ ከጫፉ ወይም ከወገቡ አይበሰብስም፤ መሬት በሚነካበት፣ አንድ ስንዝር ከበላይ አንድ ስንዝር ከበታች ሲሆን ይበሰብሳል። ምክንያቱም እንጨትን የሚበላው ከሻጋታ ወገን የሆነ ፍጥረት ነው፤ እርሱም ለመኖር ውሃና አየር ሁለቱንም ይሻል። ፈጽሞ የደረቀ እንጨት ውሃ ስለሌለው አይበሰብስም። በጥልቅ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚኖር ግንድ ደግሞ አየር ስለሌለው ብዙ ዘመን ይቈያል። የሚጐዳው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ረጥቦ የማይደርቀው ነው። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበል፤ የጀልባዪቱ በሽታ ከዚህ የተለየ አልነበረምና።

ከነቀምቴ ተነሥተን በስሬና በባኮ አልፈን፣ ከባኮ ቆላ ወደ ጌዶ ደጋ ወጣን፤ ከጌዶም ዋናውን የአዲስ አበባ መንገድ ትተን ወደ ሰሜን ታጠፍን። በባኮ ሙቀቱ የመኪናውን መስኮት ሁሉ ሲያስከፍተን፣ ጌዶ ላይ ጋቢ የሌለው ሰው ይቈጨዋል። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ እንደ ብረት ሰሌዳ ያበራል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ዳሩ ሣር የበቀለበትና ለእግር የማያስተማምን ነው። ጀልባዪቱ ከውሃው ተጎትታ በአንድ የሾላ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። በሰማያዊ ቀለም አምራ ነበር።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ፋይበር ግላስ ምን እንደ ሆነ ልናገር። ይህ ነገር እንደ ፀጕር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካን አገር በፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ክሩ እንደ ሸማ ተሸምኖ ወይም እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ሬዚን በሚባል ሙጫ ሲርስና ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። በከተማ ጋራዥ የተሰበረ ፓራውልት ሲጠገንበት ያየ ሰው ያውቀዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀልባ ሠሪዎች በብዛት ያዙት፤ ገዢዎችም የማይበሰብስ ጀልባ ተገኘ ብለው ደስ አላቸው። እውነት ነው፣ ብርጭቆ አይበሰብስም። ነገር ግን ቅርፊቱ ብቻውን ስለሚለመጥ፣ ሠሪዎቹ በብዙ ጀልባ ላይ በላይኛው ወለል በሁለት ቅርፊቶች መካከል ኮምፖልሳቶ ወይም ሌላ ቀላል እንጨት አኑረውበታል፤ ከወለሉም በታች ቁመት ለቁመት የሚተኙትን ወራጆች ከእንጨት ሠርተው በፋይበር ሸፍነዋቸዋል። እንግዲህ የማይበሰብሰው ነገር የሚበሰብሰውን ሸፍኖ ይዟል። አንድ ብሎን ሲላላ የዝናም ውሃ በቀዳዳው ይገባል፤ ገብቶም መውጫ የለውም፤ ፀሐይም አይደርስበትም። ብዙ ሰው ጀልባን የሚያበሰብሰው ከታች ያለው የሐይቅ ውሃ ይመስለዋል። የላይኛውን ወለል አብዝቶ የሚጐዳው ግን ከሰማይ የሚወርደው ነው።

የጀልባዪቱ ባለቤት ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሽማግሌ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሌላ ሐይቅ በጭነት መኪና ካመጣት ነጋዴ ገዟት። ርዝመቷ 6 ሜትር ያህል ነው፤ ሰውም እህልም ትጭናለች። በመጨረሻው ክረምት ወለሏ ከሰው እግር በታች እንደ ፍራሽ ይረግብ ጀመረ፤ አንድ ቀንም የአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እግር እስከ ቍርጭምጭሚቷ ሰጠመ። ሴቲቱ አልተጐዳችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰው መሳፈሩን ፈራ።

ሽማግሌው የአክስቴን ልጅ፣ «ልጄ፣ ከላይ አዲስ ሳንቃ ደርብና ቀለም ቀባልኝ፤ ለገበያ ቀን ትድረስልኝ» አሉት።

«አባቴ፣ አስቀድሜ ልያት፤ ያየሁትንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ» አለና መዶሻውን አወጣ። በብረቱ ሳይሆን በእጀታው ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንዝር በስንዝር እያንኳኳ ሄደ። ደኅናው ሥፍራ ጥርት ያለ የደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ግን እንደ ረጠበ ቍርበት ድምፁን ይውጠዋል። ድምፁ የታፈነበትን ሁሉ በከሰል ከበበው። ወደ ቀትር ሲሆን ከወለሉ እኩሌታ የሚበልጠው በከሰል ጠቍሮ ታየ። ከዚያም በአራት ሥፍራ በቀጭን መሰርሰሪያ ቢበሳ፣ በመሰርሰሪያው ላይ ተጠቅልሎ የወጣው የእንጨት ዱቄት መሆኑ ቀርቶ የትንባሆ መልክ ያለው ጭቃ ነበር። የሞተሩ ማሰሪያ ያለበት የኋላ ግድግዳ ደኅና ነው፤ ከወለሉ በታች ካሉት አራት ወራጆች ግን ሁለቱ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል።

ሽማግሌው ተቈጡ። ቍጣቸው በአናጢው ላይ አልነበረም፤ ነገር ግን እርሱ ከፊታቸው ስለቆመ እርሱ ላይ ወረደ። አንድ ሳምንት ያሰቡት ሥራ ሁለት ወር ሊፈጅ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ቤታቸው ምን ይበላል? ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ቡና ይዘው መጥተው ነበርና ነገሩን ሰምተው፣ «እኔ እንሥራ ስገዛ በጣቴ ሳላንኳኳ ገንዘቤን አልፈታም፤ መልኩ ቢያምርም ድምፁ ከተሰነጠቀ ትቼው እሄዳለሁ። ይህችን ሲገዟት ማን አንኳኳት?» አሉ። ሽማግሌው ዝም አሉ። እመቤቲቱም ቡናውን እየቀዱ፣ «እኔስ ለሁለት ወር ከወንድሜ እህል እበደራለሁ፤ የሰው ልጅ ሰጥሞብን ግን ከማን እንበደራለን? ይክፈታት» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቈረጠ።

ማታ ሽማግሌው ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ የፍርድ ቤት ጸሓፊ መሆኔን ሰምተው ኖሮ፣ ሻጩን ለመክሰስ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ጸሓፊ ዳኛ አይደለምና ፍርድ አልሰጠኋቸውም፤ ሕጉ የሚለውን ግን ነገርኋቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ስለሚገኘው ጕድለት ኃላፊ ያደርገዋል። ዳሩ ግን ገዢውም ዕቃውን እንደ ተረከበ በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምር፣ ጕድለትም ባገኘ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል። ሦስት ዓመት ተሳፍረውባት ቀለሙን ያመሰገኑ ሰው፣ ሻጩ አውቆ ደብቋል ብለው ለማስረዳት ምን ይዘው ይቀርባሉ? በመዝገብ ቤት ስቀመጥ ከማየው ነገር አንዱ፣ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ከፍቶ የሚያይ ገበሬ፣ የማያውቀውን ዕቃ ሲገዛ ግን ቀለም አይቶ የሚፈርም መሆኑ ነው። ሽማግሌው ካሰቡ በኋላ ክሱን ተዉት፤ የሻጩም ስም ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

በማግሥቱ መቍረጥ ተጀመረ። ለመጋዙ ጀኔሬተር ተከራየን። ለብዙ አገር መብራት የሚሰጠው ሐይቅ ከፊታችን ተዘርግቶ ሳለ፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ከቆምንበት ዳር ሩቅ ነበረና እኛ ቤንዚን ማንደዳችን እንግዳ ነገር መሰለኝ። የመጋዙ ጥልቀት የላይኛውን ቅርፊት ብቻ እንዲቈርጥ፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ታሰረ። ቅርፊቱ እንደ ክዳን ተነሥቶ ከውስጥ የተገኘው እንጨት በማንኪያ የሚዛቅ ነበር። የአክስቴ ልጅ ደኅና እንጨት እስኪያገኝ ድረስ በመሮ እየጠረገ ሄደ፤ ደኅናውንም ካገኘ በኋላ አንድ ስንዝር ጨምሮ አወጣ፤ ሻጋታው ለዓይን ከሚታየው ወሰኑ አልፎ ይሄዳልና።

ወራጆቹን ለማውጣት ሲደርስ ግን መጋዙን አስቀመጠ። ወራጅ የጀልባዪቱ የጀርባ አጥንት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያነሣ ሰው የጀልባዪቱ ገላ ተንጋዶ ይደርቅበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቃናበት መንገድ የለም። ስለዚህ አስቀድሞ በስድስት ሥፍራ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያና የእንጨት ትራስ ከሥሯ አስገባ፤ ስፋቷንም በገመድ ለክቶ ልኩን በግድግዳዋ ላይ በእርሳስ ጻፈ። ወራጁንም አንዱን አውጥቶ ተክቶ ሳይጨርስ ሁለተኛውን አልነካም። ማታ ማታ በገመዱ ደግሞ ይለካ ነበር። ይህ ነገር ጊዜ ይወስዳል። በቤት ሥራም ጣሪያውን የተሸከመውን ምሰሶ ለመቀየር አስቀድሞ ድጋፍ ማቆም ግድ እንደ ሆነ ማንም ያውቃል።

አዲስ እንጨት ከመግባቱ በፊት መድረቅ አለባት። ጥር ስለ ሆነ ዝናም አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በሸራ ጥላ ሥር ነፋስ እንዲመታት አድርገን አምስት ሳምንት ተውናት። ደረቀች ወይስ አልደረቀችም ለማለት የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን የሚያሳይ ላስቲክ ቈርጦ ጫፍ ጫፉን በፕላስተር አጣብቆ ያሳድረዋል፤ ጧት ከላስቲኩ በታች ጤዛ ከተገኘ እንጨቱ ገና ውሃ ይተነፍሳል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ጤዛ ተገኘ። በሦስተኛው ደረቀ።

ለወለሉና ለወራጆቹ የሚሆነው ኮምፖልሳቶ ከአዲስ አበባ መጣ። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ነበረ፤ ነጋዴዎቹ ሁለቱንም ለውሃ ይሆናል ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ከሁለቱም ቍራጭ አስመጥቶ የእመቤቲቱን አሮጌ ድስት ለመነና ከጧት እስከ ቀትር ቀቀላቸው። የአንደኛው ንብርብር እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተገለጠ፤ ሁለተኛው ሳይላቀቅ ቀረ። ዋጋው የበለጠው ይኸኛው ነበር፤ ሽማግሌው ድስቱ ውስጥ ዐይተው ስለ ነበር ያለ ክርክር ከፈሉ። ማናቸውም ሰው ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት በኮምፖልሳቶ ሊሠራ ቢያስብ ይህን ፈተና በቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

ስለ ሬዚኑ ለቤተሰብ የሚጠቅም ጥቂት ቃል ልጨምር። ሬዚኑ የሚደርቀው ማጠንከሪያ ሲገባበት ነው፤ ልኩም ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። ብዙ በጨመርሁ ቍጥር ይጠነክራል ብሎ የሚያበዛ ሰው ይሳሳታል፤ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ብዙ ሬዚን ከተቀላቀለ ራሱን በራሱ አሙቆ እስኪጨስ ይደርሳል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ በጥቂት በጥቂቱ፣ አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ይቀላቅል ነበር። ማጠንከሪያው በዓይን ቢገባ ዓይን ያጠፋልና ያለ መነጽር አይነካም፤ ውሃ በሚመስል መልኩ ልጆችን ያታልላልና በመጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ መቀመጥ አይገባውም። ሽታውም ራስን ስለሚያዞር የሚሠራው በነፋሻ ሥፍራ ነው። ቅርፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ የሚነሣው ብናኝ ገላን ያሳክካል፤ ሳንባንም ይጐዳል፤ ስለዚህ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። የሠራተኛው ልብስም ለብቻው ይታጠባል። እመቤቲቱ በመጀመሪያው ቀን ከሕፃን የልጅ ልጃቸው ልብስ ጋር ሊነክሩት ሲሉ አናጢው ሮጦ አስጣላቸው።

ወራጆቹ ሲገቡ እንጨቱ የጀልባዪቱን ገላ በቀጥታ እንዲነካ አልተደረገም፤ ከሥሩ ጥቂት ክፍተት ተትቶ በወፍራም የሬዚን ለጥ ተሞላ፤ አለዚያ ማዕበል ሲመታት በዚያው መሥመር ትሰነጠቃለች። የብርጭቆ ሸማው በሹል ጠርዝ ላይ አልተኛም ስለሚል፣ ጠርዙ ሁሉ በመላጊያ ክብ ተደረገ። አዲሱ ቅርፊት ከአሮጌው ጋር የሚጋጠምበት ሥፍራም እንደ ተዳፋት ተፋቀ፤ ልኩ የቅርፊቱን ውፍረት 12 ጊዜ ያህል ነው፤ ለ4 ሚሊ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ወራጅ በዝቅተኛው ሥፍራ መፍሰሻ ቀዳዳ ተበጀለት፤ የቀዳዳውም ውስጥ በሬዚን ተለስኖ ነው፣ ውሃ ወደ እንጨቱ እንዳይዞር።

ከሁሉ ይልቅ የአክስቴ ልጅ የደከመው በብሎኖቹ ላይ ነው። በጀልባዪቱ ወለል 38 ብሎን ነበረ። የብዙ ጥገና ፍጻሜ የሚበላሸው በዚህ ነው፤ ወለሉ አምሮ ከተሠራ በኋላ ሠራተኛው ቸኵሎ እንደ ገና በደረቁ ይበሳዋል፤ ውሃውም በዚያው ይመለሳል። እርሱ ግን ቀዳዳውን ሁሉ ከብሎኑ አስፍቶ በሳ፤ በሬዚን ሞላው፤ ከደረቀም በኋላ በሬዚኑ መካከል እንደ ገና በብሎኑ ልክ በሳው፤ ስለዚህ ብሎኑ እንጨቱን ሳይነካ ያልፋል። ይህ ሥራ ብቻውን አራት ቀን ፈጀ። ሽማግሌው አጠገቡ ተቀምጠው ብሎኖቹን እየጠረጉ ያቀብሉት ነበር፤ ወደ መጨረሻውም ቀዳዳው በደንብ መሞላቱን እርሳቸው ራሳቸው እያዩ፣ «ይህኛው ጐድሏል፣ ጨምርበት» እስከ ማለት ደረሱ።

እኔ በመጋቢት ስመለስ ቀለም ሳይቀባ ወደ ውሃ ገብታ አገኘኋት። ይህንንም ያደረገው አናጢው ነው፤ ፈተናው ከማለቁ በፊት ቀለም አይቀባም ብሎ ነበር። ስምንት ሰው የሚመዝን የአሸዋ ጆንያ ተጭኖባት አንድ ሌሊት አደረች። ጧት ከወለሉ በታች ውሃ አልተገኘም፤ የገመዱም ልክ በእርሳስ ከተጻፈው ጋር አንድ ሆነ። በወለሉ ላይም ሦስት ትንንሽ መስኮቶች ከነክዳናቸው አበጅቶ ነበር፤ በእነርሱ በኩል እጅ ገብቶ ወራጆቹን መዳሰስ ይቻላል፤ በበጋም ተከፍተው ነፋስ ያስገባሉ። ለክረምቱ የሸራ ክዳን እንዲሰፋላትና አፍንጫዋ ከፍ ብሎ እንድትታሰር፣ የገባው ዝናም ወደ ኋላ ተንሸራቶ በመፍሰሻው እንዲወጣ አዘዘ።

የተቈረጠውን አሮጌ ቅርፊት ጎረቤቶች ለማገዶ ሊወስዱት መጡ። ጭሱ መርዝ ነውና አናጢው ከለከላቸው፤ ጕድጓድ ተቈፍሮ ከውሃው ራቅ ብሎ ተቀበረ። እመቤቲቱ ግን አንድ ቍራጭ፣ ሰማያዊ ቀለሙ በላይ የበሰበሰው እንጨት በታች እንዳለ፣ አስቀርተው በቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች በነጋታው ጤፍና ሁለት ፍየሎች ይዘው መጡ፤ ከመሳፈራቸው በፊትም አንደኛው ሰውዬ በዱላው ጫፍ ወለሉን ሦስት ጊዜ አንኳኳ።